አዲስ ሙዚቃ ሁለተኛ ጊዜ መደመጥ አለበት

በ1974 መገባደጃ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሩሲያዊው የቼሎ ተጫዋች ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ከፓሪስ ኦርኬስትራ ጋር ሁለት ኮንቼርቶዎችን በሸክላ አስቀረጸ። አንደኛው የፈረንሳዊው አንሪ ዱቲዬ፣ ሁለተኛው የፖላንዳዊው ቪቶልድ ሉቶስዋቭስኪ ድርሰት ነው። ሁለቱም የተጻፉት ለእርሱ ነበር፤ ሁለቱንም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወታቸውም እርሱ ነው፤ ያውም በአንድ ዓመት፣ በ1970። የዱቲዬ ሥራ ጁላይ 25 ቀን በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ፌስቲቫል፣ የሉቶስዋቭስኪ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን ለንደን ውስጥ በሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ተሰማ። ሸክላው ላይ የዱቲዬን ሥራ ሰርዥ ቦዶ፣ የሉቶስዋቭስኪን ራሱ ደራሲው መርተውታል። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ስለማይሞሉ አንዱ በአንድ ገጽ፣ ሌላው በሌላው ገጽ ተቀመጡ። ዛሬ ሁለቱም ኮንቼርቶዎች ትልልቅ የቼሎ ተጫዋቾች የሚያጠኗቸው፣ ኦርኬስትራዎች በፕሮግራማቸው የሚያካትቷቸው፣ የሙዚቃ ተማሪዎች በፈተና የሚቀርቡባቸው ሥራዎች ሆነዋል። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እዚህ ደረጃ የደረሰ የቼሎ ኮንቼርቶ ብዙ አይደለም። ለዚህ ዕድል ያበቃቸው በ1970 የነበሩት ሁለት የመጀመሪያ ምሽቶች ሳይሆኑ የ1974ቱ ቅጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአዲስ ሙዚቃ ከመጀመሪያው ምሽት ይልቅ ሁለተኛው መደመጥ ይበልጣል፤ ሁለተኛውን መደመጥ ደግሞ አስተማማኝ አድርጎ የሚሰጠው በጥንቃቄ የተሠራ ቅጂ ነው። ስለዚህ አዲስ ድርሰት እንዲጻፍ ገንዘብ የሚመድብ ኦርኬስትራ፣ ፌስቲቫል ወይም መንግሥታዊ ተቋም ለቅጂው አብሮ ካልመደበ ሥራውን መንገድ ላይ ጥሎታል።

አዲስ ኮንቼርቶ እንዴት እንደሚረሳ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያ ምሽት ዜና ነው፤ ጋዜጣ ይጽፍለታል፣ ደራሲው መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ ይነሳል፣ ገንዘብ የሰጠው ተቋም ስሙ በፕሮግራሙ ላይ ይታተማል። ሁለተኛው ምሽት ግን የማንም ዜና አይደለም። ሌላ ከተማ ያለ ኦርኬስትራ ሥራውን ልጫወት ቢል የእያንዳንዱን ተጫዋች ኖታ ከአሳታሚው መከራየት፣ ከተለመደው በላይ የልምምድ ሰዓት መክፈል፣ ለብዙ ሳምንታት ተቀምጦ የሚያጠናው ብቸኛ ተጫዋች ማግኘት አለበት። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ደግሞ ስሙን ለማያውቀው አድማጭ ትኬት መሸጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ደራሲ ፈልጎ ሌላ የመጀመሪያ ምሽት ማዘጋጀት ይቀለዋል። ውጤቱ በየዓመቱ የሚወለዱና በተወለዱበት ምሽት የሚቀበሩ ድርሰቶች ክምር ነው። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም። ለመጀመሪያው የሚከፍል እንጂ ለሁለተኛው የሚከፍል ስለሌለ የሚሆን ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘውና መልስ የሚገባው ጥያቄ አለ። ሙዚቃው ጥሩ ከሆነ በመጀመሪያው መስማት ለምን አይገባም? ደጋግሞ ካልሰሙት የማይጥም ሙዚቃ ጥፋቱ የራሱ አይደለምን? ታሪክ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። የቤትሆቨን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ዛሬ የዚህ ዓይነት ድርሰቶች ሁሉ አውራ ተደርጎ ይቆጠራል። በዲሴምበር 1806 ቪየና ውስጥ ፍራንዝ ክሌመንት ሲጫወተው ግን ብዙም ልብ አልነካም፤ ከዚያም ለዐሥርተ ዓመታት አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር የሚያነሳው አልነበረም። በ1844 ለንደን ውስጥ ዮዜፍ ዮአኪም የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በሜንደልሶን መሪነት ሲጫወተው ነው ሥራው እውነተኛ ሕይወቱን የጀመረው። በመካከሉ ከ37 ዓመት በላይ አልፏል፤ ቤትሆቨንም ከሞተ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ሙዚቃው በመሠረቱ ያው ነበር። የጎደለው መደመጥ ብቻ ነበር። የቤትሆቨን ዘመን ሰዎች ድምፅን የሚያስቀምጥ መሣሪያ ስላልነበራቸው የሁለተኛውን ዕድል ለአጋጣሚ ትተውታል፤ እኛ ግን መሣሪያው በእጃችን እያለ ለአጋጣሚ የምንተውበት ምክንያት የለም።

የሉቶስዋቭስኪ ኮንቼርቶ ሁለተኛ መደመጥ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያሳያል፤ ስለዚህ ጊዜ ሰጥቶ ማየቱ ተገቢ ነው። ድርሰቱ የሚጀምረው በቼሎው ብቻ ነው። ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ተጫዋቹ ጣቱን ክሩ ላይ ሳያሳርፍ ሬ የተባለውን ድምፅ በእኩል ርቀት ደጋግሞ ይስባል፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል። ደራሲው ኖታው ላይ የጻፈው መመሪያ ግድ በማይሰጠው ሰው ስሜት እንዲጫወተው የሚያዝ ነው። ከዚያ ቼሎው ከሬው እየወጣ አንዳንድ ነገር ይሞክራል፤ ትንሽ ይጫወታል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ይተወዋል፣ ተመልሶም ያንኑ ሬ ይደጋግማል። ይህ ወደ አምስት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ይቀጥላል። አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው አምስት ደቂቃ ብዙ ነው፤ ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም፣ ትዕግሥቱ ያልቃል። በድንገት ትራምፔቶቹ ይገባሉ፤ ስለታም፣ ቁጡ፣ ከቀደመው ጋር ምንም የማይገናኝ ድምፅ ይዘው። ቼሎው ይቋረጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ መቋረጥ የተወለደ ነው፤ ቼሎው አራት ጊዜ ከኦርኬስትራው ጥቂት መሣሪያዎችን እየጠራ ንግግር ይጀምራል፣ አራቱንም ጊዜ የነፊዎቹ ጩኸት ይሰብረዋል። ቀጥሎ ቼሎውና ክረኞቹ (ባለክር መሣሪያዎቹ) አብረው ረጅምና የሚያሳዝን ዜማ ያነሳሉ፤ እርሱም ይሰበራል። የመጨረሻው ክፍል በቼሎውና በመላው ኦርኬስትራ መካከል ከባድ ግጭት ነው፤ ኦርኬስትራው በሙሉ ጉልበቱ ይወርድበታል፣ ቼሎው የማልቀስ ያህል ይወርዳል፣ ከዚያ ግን ይነሳና ከፍ ባለ ላ ድምፅ ላይ ቆሞ እየደጋገመ ይጨርሳል። መጀመሪያ ላይ ግድ ሳይሰጠው ሬን ሲደጋግም የነበረው ያው መሣሪያ መጨረሻ ላይ ላን የሚደጋግመው ሁሉ ነገር ግድ ብሎት ነው። ይህን ግንኙነት በመጀመሪያው መስማት ማንም አይደርስበትም፤ ላው ሲመጣ ሬውን የሚያስታውሰው፣ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ዋጋ አውቆ የሰማው ሰው ብቻ ነውና። ሸክላውን መልሶ ላስቀመጠ አድማጭ ግን አሰልቺ የነበረው መግቢያ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ እያንዳንዷ ሬ ሥጋት ተሸክማ ትመጣለች።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ አለ። ለንደን ላይ ኮንቼርቶው ከተሰማ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1970፣ ሮስትሮፖቪች ለሶቪየት ጋዜጦች አዘጋጆች ደራሲ አሌክሳንደር ሶልዠኒትሲንን የሚደግፍ ደብዳቤ ጻፈ። ጋዜጦቹ አላተሙትም፤ ምዕራባውያን ግን አተሙት። ሮስትሮፖቪች ከዚያ በኋላ መድረክ ተነፈገው፣ ጉዞው ታገደ፣ በ1974 አገሩን ለቆ ወጣ፤ በ1978 ደግሞ ዜግነቱን ተነጠቀ። ሸክላው የተቀረጸው እንግዲህ በስደቱ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ይህን የሚያውቅ አድማጭ ቼሎውን ሮስትሮፖቪች፣ ትራምፔቶቹን የኮሚኒስት ፓርቲ አድርጎ መስማቱ አይቀርም፤ ተጫዋቹ ራሱም ነገሩን ወደዚያ ይስበው ነበር። ሉቶስዋቭስኪ ግን ይህን ትርጉም አልተቀበለም። አባቱና አጎቱ በ1918 ሞስኮ ውስጥ በቦልሼቪኮች የተረሸኑበት፣ ወንድሙ በሶቪየት የጉልበት ካምፕ የሞተበት፣ የመጀመሪያ ሲምፎኒው በስታሊን ዘመን የታገደበት ሰው ነው፤ የፖለቲካውን ትርጉም የሸሸው ፖለቲካ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሙዚቃው በአንድ ታሪክ እንዲታሰር ስላልፈለገ ነው። እኔ የምፈርደው ለደራሲው ነው፤ ለዚህም ማስረጃዬ የራሱ ቅጂ ነው። በፓርቲና በግለሰብ ታሪክ ብቻ የሚሰማው ሰው ቼሎው ከክረኞቹ ጋር አንድ ሆኖ የሚዘምርበትን ረጅሙን ዜማ የት ያስገባዋል? ኦርኬስትራው ጠላት ብቻ ከሆነ ግማሹ ኦርኬስትራ ለምን ከቼሎው ጋር ያለቅሳል? የመጀመሪያው መስማት ጠላትና ጀግና ያሳያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መስማት ቼሎው ራሱ ጥሪ እያቀረበ፣ እየሳበ፣ አንዳንዴም እየተነኮሰ ትራምፔቶቹን እንደሚያመጣቸው ያሰማል። የመጀመሪያ ምሽት የዜና ታሪክ ይፈልጋል፤ ቅጂ ግን ዜናው ካረጀ በኋላ ሙዚቃውን ለብቻው ያቆየዋል። ሮስትሮፖቪች በ1990 ዜግነቱ ተመለሰለት፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች፤ ኮንቼርቶው ግን አላረጀም።

በሸክላው ሌላ ገጽ ያለው የዱቲዬ ሥራ ግጭት የለበትም። ርእሱ ከቦድሌር ግጥም የተወሰደ ሲሆን ሩቅና ሊጠፋ የተቃረበ ዓለምን የሚያነሳ ነው። አምስት ክፍሎች አሉት፤ ሳይቋረጡ አንዱ ወደ ሌላው ይገባሉ። ዱቲዬ በሕይወቱ ጥቂት ሥራዎችን ብቻ ያሳተመ፣ እያንዳንዱን ለዓመታት የሚፍቅና የሚያስተካክል ደራሲ ነበር፤ ይህ ኮንቼርቶም ሮስትሮፖቪች ከጠየቀው ጊዜ ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የአጻጻፉ ዋና መንገድ ትዝታ ነው። ገና ሙሉ መልኩን ያልያዘ ዜማ ፍንጩን አስቀድሞ ያሳያል፣ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፣ ኋላም እንደ ማስተጋባት ይመለሳል። ትዝታ ላይ የተሠራ ሙዚቃ የሚያስታውስ አድማጭ ይጠይቃል፤ አድማጭ ደግሞ አንድ ጊዜ የሰማውን ሊያስታውስ አይችልም። ይህ ድርሰት አንዴ ብቻ ተሰምቶ ቢቀር ኖሮ የሚያምር የድምፅ ጭጋግ ከመባል አያልፍም ነበር።

አንድ ሸክላ ይዞ ይህን ያህል መናገር ይበቃል ወይ የሚል ካለ ቀደም ያሉትን ታሪኮች ማየት ይችላል። ኦስትሪያዊው አልባን በርግ የቫዮሊን ኮንቼርቶውን በ1935 ጨርሶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሞተ፤ ሥራውን አልሰማውም። ሥራው እንዲጻፍ ያዘዘው ሉዊስ ክራስነር የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች በኤፕሪል 1936 ባርሴሎና ላይ ተጫወተው፤ በሜይ 1 ደግሞ ለንደን ላይ አንቶን ቬበርን በሚመራው የቢቢሲ ኦርኬስትራ ደገመው። በናዚዎች ዘመን የበርግ ሙዚቃ በጀርመንና በኦስትሪያ የሚጫወተው አጣ። ክራስነር ግን በዲሴምበር 1940 አሜሪካ ውስጥ ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር ቀረጸው፤ ሥራው በትውልድ አገሩ ታፍኖ ሳለ በሸክላ ላይ ይኖር ነበር። በዚያው ወር ክራስነር የአርኖልድ ሾንበርግን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ፊላደልፊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ፤ ያ ሥራ ግን በሸክላ ለመውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቀ። የበርግ ኮንቼርቶ በጦርነቱ ማግስት የኦርኬስትራዎች የዘወትር ሥራ ሲሆን የሾንበርግ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የሚፈራ እንጂ የሚወደድ አልሆነም። የሾንበርግ ለጣትም ለጆሮም የከበደ መሆኑን አልክድም፤ ልዩነቱን ሁሉ በቅጂ ላይ መጣል ሐቅ አይሆንም። ይሁን እንጂ በ2008 ቫዮሊን ተጫዋቿ ሂላሪ ሃን በኢሳ-ፔካ ሳሎነን ከሚመራው የስዊድን ራዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በታላቅ ጥራት የቀረጸችው ቅጂ ሲወጣና ኋላም በግራሚ ሲሸለም፣ ለስልሳ ስምንት ዓመት የማይበገር ሲባል የኖረው ድርሰት በወጣት ተጫዋቾች ዘንድ አዲስ ፍላጎት አገኘ። ኖታው አሁንም ያው ነበር።

ሶቪየታዊው ደራሲ ሾስታኮቪችም ተመሳሳይ ማስረጃ ትቶልናል። የመጀመሪያ የቼሎ ኮንቼርቶውን ሮስትሮፖቪች ኦክቶበር 4 ቀን 1959 ሌኒንግራድ ላይ ተጫወተ፤ በሚቀጥለው ወር ፊላደልፊያ ውስጥ ከኦርኬስትራ መሪው ዩጂን ኦርማንዲ ጋር፣ ደራሲው በአካል ተገኝቶ እያዳመጠ፣ ተቀረጸ። ገና አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ማለት ነው። በ1966 የጻፈው ሁለተኛው ኮንቼርቶ ደግሞ የሮስትሮፖቪችን የስቱዲዮ ቅጂ ያገኘው ከቦስተን ኦርኬስትራ ጋር፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አንድ ደራሲ፣ አንድ ተጫዋች፣ አንድ መሣሪያ ናቸው፤ ዛሬ ግን የመጀመሪያው በየቦታው ይሰማል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚወዱት የሚወዱት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛው ጨለምተኛና ዝምተኛ መሆኑ ድርሻ አለው። ዝምተኛ ሥራ ግን ከጯሂው ይልቅ ደጋግሞ መደመጥ ይፈልጋል፤ እርሱ ነው በጊዜው የተነፈገው።

«ይህ ሁሉ የሮስትሮፖቪች ዝና እንጂ የቅጂ ሥራ አይደለም» የሚል መቃወሚያ ይነሳል። ዝናው ትልቅ ነበር፤ በሕይወቱ ከመቶ የሚበልጡ አዳዲስ ሥራዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውቷል። ነገር ግን መልሱ እዚያው ቁጥሩ ውስጥ ነው። ዝና ብቻ ቢበቃ ኖሮ መቶዎቹ ሁሉ ዛሬ በተሰሙ ነበር። ያው ታላቅ ሰው የመጀመሪያ ምሽት የሰጣቸው አብዛኞቹ ድርሰቶች በልዩ ባለሙያዎች ዘንድ ብቻ ይታወሳሉ። «ታዲያ የተቀረጹትስ ሁሉ ተርፈዋል?» ብሎ ከዚህ በተቃራኒ የሚጠይቅ ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነገር ያነሳል። አሜሪካ ውስጥ የሉዊቪል ኦርኬስትራ በ1940ዎቹ መጨረሻ ውድ እንግዳ ተጫዋቾችን ከመጋበዝ ይልቅ ገንዘቡን አዳዲስ ድርሰት በማዘዝ ላይ ለማዋል ወሰነ፤ በ1953 ከሮክፌለር ፋውንዴሽን 400,000 ዶላር ተሰጥቶት ድርሰቶቹን በራሱ የሸክላ ድርጅት እየቀረጸ አሰራጨ። ከመቶ በላይ ሸክላዎች ወጡ፤ ከያዟቸው ሥራዎች ብዙዎቹን ዛሬ የሚጫወታቸው የለም። ይህ ሐሳቤን ያፈርሰዋል ብዬ አላምንም። ቅጂ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያደርጋል እንጂ ነጻ አያወጣም። ከሉዊቪል ሸክላዎች መካከል የተረሱት ተሰምተው ነው የተረሱት፤ ያለ ቅጂ የቀሩት ግን ሳይሰሙ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለደራሲውም ለአድማጩም ፍትሕ ነው። መካከለኛ የሆነ የአሜሪካ ከተማ ኦርኬስትራ ስሙን በዓለም ያስጠራው በዚህ መንገድ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም።

የሙዚቃ ሰዎች ራሳቸው የሚያነሱት መቃወሚያ ከዚህ ይረቃል። ቅጂ አንድን አጨዋወት አድርቆ ያስቀምጣል፣ ሕያው የሆነውን ሙዚቃ ይገድለዋል ይላሉ። በሉቶስዋቭስኪ ላይ ነገሩ ይጠነክራል፤ እርሱ ተጫዋቾቹ መሪው ምልክት ከሰጠ በኋላ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት እንዲጫወቱ የሚያደርግ አጻጻፍ ነበረው። ድምፆቹ የተጻፉ ናቸው፣ የሚገናኙበት ቅጽበት ግን በየምሽቱ ይለያያል። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ጊዜ ቀርጾ «ይኸው» ማለት የተፈጥሮው ተቃራኒ ይመስላል። ነገር ግን ሉቶስዋቭስኪ ለዚህ መልስ የሰጠው በሥራው ነው። ኮንቼርቶውን ራሱ እየመራ በ1974 ከሮስትሮፖቪች ጋር ቀረጸው፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከካቶቪትሴው የፖላንድ ራዲዮ ኦርኬስትራና ከሮማን ያቦንስኪ ጋር እንደገና ቀረጸው፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ከባቫሪያ ራዲዮ ኦርኬስትራና ከሃይንሪሽ ሺፍ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ አስቀረጸው። ሮስትሮፖቪች መግቢያውን እንደ ተዋናይ ይጫወተዋል፤ እያንዳንዷ ቁራጭ ሰው ትሆናለች፤ ሺፍ ይበልጥ ቁጥብ ነው፣ ስሜቱን ለመጨረሻው ያስቀምጣል። ሥራው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የምናውቀው ቅጂዎቹ ከአንድ በላይ ስለሆኑ ነው። የማድረቅ መድኃኒቱ አለመቅረጽ ሳይሆን ደግሞ መቅረጽ ነው። የዚህ አጻጻፍ አመጣጥ ራሱም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሉቶስዋቭስኪ ሐሳቡ የበራለት በ1960 የአሜሪካዊውን ደራሲ የጆን ኬጅን የፒያኖ ኮንቼርቶ ቁራጭ በራዲዮ ሲሰማ ነው። ያ ድምፅ በአየር ሞገድ ተጉዞ ዋርሶ ያለ ሰው ጆሮ ባይገባ ኖሮ ያ ነጻነት በዚህ መልኩ ባልተጻፈ ነበር።

ማይክሮፎን ይዋሻል የሚሉም አሉ። ቼሎ በተፈጥሮው መካከለኛና ዝቅተኛ ድምፅ ያለው መሣሪያ ስለሆነ ኦርኬስትራው ሲጮኽ ይዋጣል፤ ቅጂ ደግሞ ወደ ፊት አምጥቶ አዳራሽ ውስጥ ከሚሰማው በላይ ያገዝፈዋል። እውነት ነው፤ ግን አዳራሹም ለሁሉም እኩል አይናገርም። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠ የሚሰማው ሙዚቃ ከኋላ ሰገነት ላይ ያለው ከሚሰማው ይለያል። ቅጂው ቢያንስ ደራሲው የፈቀደውን ሚዛን ይሰጣል፤ በ1974ቱ የሉቶስዋቭስኪ ገጽ ላይ መሪው ደራሲው ስለሆነ ይህ ግምት ሳይሆን ሐቅ ነው። የስቱዲዮ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው፦ የልምምድ ሰዓት። ለአንድ ምሽት የሚዘጋጅ ኦርኬስትራ አስቸጋሪውን ገጽ በግምት ሊያልፈው ይችላል፤ ለቅጂ የሚቀመጥ ግን እስኪስተካከል ይደግመዋል። ብዙ አድማጮች አዲስ ሙዚቃ ትርምስ ነው የሚሉት ትርምስ ሆኖ ስለሰሙት ነው፤ የሰሙት ግን ያልተጠና አጨዋወት ነበር። በ1990ዎቹ ፈረንሳዊው መሪ ፒየር ቡሌዝ የጂዮርጂ ሊጌቲን የፒያኖ፣ የቼሎና የቫዮሊን ኮንቼርቶዎች በአንድ ሲዲ ሲቀርጻቸው ያ በምታ ላይ ምታ የሚደራረብበት ሙዚቃ እንደ መስታወት ጠርቶ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የቫዮሊኑን ኮንቼርቶ ለመድፈር የተነሱት ተጫዋቾች ምን እንደሚቻል አስቀድመው ሰምተው ነበር።

ጥሩ ቅጂ የሚሠራበትን ጊዜ ማንም አያውቅም። የበርግ ኮንቼርቶ በ1936 በለንደን ሲሰማ ክራስነር ለራሱ ያስቀመጠው የቬበርን ምሽት ለሕዝብ የወጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ካነሳን፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ በሸክላ ሲያስቀርጹ የሰማቸው ጥቂት ሰው ነበር፤ በ2006 ከዚያ ቅጂ የተወሰዱ ሥራዎች እንደገና ሲታተሙ በመላው ዓለም አድማጭ አገኙ፣ እርሳቸውም ይህን ለማየት በሕይወት ነበሩ። ሸክላው ባይኖር በአዳራሽ ትዝታ ብቻ አርባ ዓመት መሻገር አይቻልም ነበር።

ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ እየተቀረጸ በኢንተርኔት ስለሚለቀቅ ይህ ክርክር ጊዜው አልፎበታል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ከኋላ ወንበር በስልክ የተቀዳ ሙዚቃ ግን የነበረ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ አያሰማም፤ የሉቶስዋቭስኪ ሬ በእንዲህ ያለ ቅጂ ከአዳራሹ ሳል አይለይም። ጥሩ ቅጂ የሚጠይቀው ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ጸጥ ያለ አዳራሽ፣ ጆሮው የሰላ የድምፅ ባለሙያና ብዙ ሰዓት ነው። ይህን ለረጅም ዘመን ሲሸከሙ የኖሩት የአውሮፓ ራዲዮ ኦርኬስትራዎች ናቸው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ቅጂዎች ውስጥ ካቶቪትሴ፣ ባቫሪያና ስዊድን የተነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ ተቋማት አሁን እየሳሱ ነው። በ2016 የጀርመኑ የደቡብ ምዕራብ ራዲዮ፣ የብዙ ደራሲያንና መሪዎች ተቃውሞ እያለ፣ የባደን-ባደንና ፍራይቡርግን ኦርኬስትራ ከሽቱትጋርቱ ጋር አዋሕዶ አንድ አደረገው። የተቀነሰው የኮንሰርት ብዛት ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ሙዚቃን በማጥናትና በመቅረጽ ለዓሥርተ ዓመታት የሠለጠነ ስብስብ ጠፋ።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው። አዲስ ኮንቼርቶ ሲታዘዝ የቅጂው ወጪ በዚያው ውል ይግባ፤ ደራሲው ወይም እርሱ የሚያምነው ሰው በቅጂው ጊዜ ይገኝ፤ ቅጂውም በመዝገብ ቤት ሳይቆለፍ ለአድማጭ ይድረስ። ይህ ወጪ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለወጣት ደራሲዎች የሚታዘዘውን ሥራ ቁጥር እንደሚቀንስም አውቃለሁ። ደራሲዎቹ ቅር ቢላቸው አልፈርድባቸውም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ የጠፋ ድርሰት ለወጣት ደራሲ ሌላ ሥራ አያመጣለትም፤ የሚያመጣለት ሌላ ከተማ ያለ መሪ በጆሮው ሰምቶ «ይህን እኔም ልሥራው» ሲል ነው። አንድ ኦርኬስትራ ገንዘቡ ውስን ከሆነ በዓመት አራት አዳዲስ ሥራ አዝዞ አራቱንም ከሚያጣ ሁለት አዝዞ ሁለቱን ቢቀርጽ ይሻላል።